እናቴ የቡና አበባ ሻማ የሠራችበት ዓመት

የሰም ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በዋለበት አንድ ቅዳሜ፣ ልጄ ጓደኛዋ የሰጠቻትን፣ ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ የተሞላ ባለ መዓዛ ሻማ ሳሎን ለኩሳ ነበርና፣ እኔ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለሁ ከሽቶው ሥር ያለው የሰም ጠረን መጥቶ አፍንጫዬን ያዘው። ቢላዬን እንደያዝኩ ብቅ ብዬ፣ «መጋረጃው ሥር ነው እንዴ ያስቀመጥሽው? ክሩንስ ቆርጠሽዋል?» ብዬ ብጮህባት፣ ልጄ ክው ብላ፣ «እማ፣ ሻማ እኮ ነው፣ ቦምብ አይደለም!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከሁለታችን አስፈሪዋ ቢላ የጨበጥኩት እኔ ነበርኩ። ግን ምን ላድርግ፣ እኔ ያደግኩት በሻማ ምክንያት በተጣላና በሻማ ምክንያት በታረቀ ቤት ውስጥ ነው፤ ከጂማ እንሂድ ወይስ እንቅር የሚለው ነገራችንም የተቆረጠው በዚያው በሻማ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከጂማው መርካቶ ብዙ ሳይርቅ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍና ሁለት ቀጫጭን ፓፓያዎች በነበሩበት የኪራይ ቤት ነበር። አባቴ ደምሴ የመብራት ሠራተኛ ነበር፤ መሰላሉን በትከሻው ተሸክሞ፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ ምሰሶ ላይ እየወጣ የተበጠሰ ሽቦ ይቀጥል ነበር። እናቴ አስካለ ከደብረ ብርሃን ለአባቴ ተድራ የመጣች፣ ደረቅ ብርድና ገላጣ ሜዳ ለምዳ ያደገች ሴት ስለነበረች ጂማን አልወደደቻትም። እውነቱን ለመናገር ጂማም እናቴን ለማባበል ብዙ አልደከመችም፤ ክረምት ሲገባ ልብስ አይደርቅም፣ ጫማ ይሻግታል፣ ጎረቤቱ ሁሉ በኦሮምኛ ሲጫወትና ሲስቅ እሷ «አካም» ብላ ሰላምታዋን ትሰጥና ከዚያ በኋላ ያለውን ስለማታውቀው ፈገግ እንዳለች ቆማ ትቀር ነበር።

«ዝውውር» የሚለውን ቃል ከ«ዳቦ» ቀጥሎ የተማርኩት ይመስለኛል። አባቴ ከሥራ ገብቶ ቦቲውን ሳያወልቅ እናቴ፣ «ዝውውሩን ጠየቅክ ወይ?» ትለው ነበር፤ እሱም አንዴ አለቃው ፈቃድ ላይ ነው፣ አንዴ ወቅቱ አይደለም እያለ ሲያመልጥ ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንድ ቀን መሸሻ ሲያጣ፣ «ይህን ዓመት ብቻ ታገሺኝ። የሚቀጥለው ሰኔ ሲገባ ልብሽ እንዲሁ ከሆነ እጠይቃለሁ፤ ቃሌ ነው» አላት። እናቴ ደስ አላት፣ እኔ ግን መሄድ አልፈለግኩም። እኔ የተወለድኩት ጂማ ነው፤ ጓደኞቼ እዚያው፣ የአቮካዶው ዛፍ እዚያው፣ ስጣላ የምሳደብበት ኦሮምኛም እዚያው ነበር። ደብረ ብርሃንን አንድ ጊዜ ለጥምቀት ሄጄ አይቻታለሁ፤ በብርዱ ጆሮዬ ሊወድቅ ነበር። እናም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እናቴ ጂማን የምትወድበትን ነገር መፈለግ ሆነ፤ ጎመን ስታጥብ «እዚህ ጎመኑ እንዴት ያምራል!» እላታለሁ፣ እሷም ቀና ብላ ታየኝና፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል?» ትለኝ ነበር።

በክረምት ነፋሱ ዛፍ እየገነደሰ ሽቦ ላይ ሲጥል መብራት ይሄዳል፣ አባቴም የዝናብ ልብሱን ደርቦ ይወጣል። እናቴ የሱቁን ሻማ ትንቀው ነበር። «ሻማ ነው ይሄ? ሳይበራ የሚያለቅስ!» ትል ነበር። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጋር ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስትሠራ፣ ጥጥ ፈትላ ክር ስትገምድ ያደገች ስለሆነች፣ በዚያ ክረምት ትዕግስቷ አልቆ አንድ ጠጅ ቤት ሄደችና፣ ጠጁ ከተጣለ በኋላ ከላይ የሚጠለለውን የሰም አሰር፣ ሰፈፉን ማለት ነው፣ በላስቲክ ከረጢት ተሸክማ መጣች። በትልቁ ድስት ውስጥ በውሃ አፍልታ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ ስታሳድረው፣ ጠዋት ከውሃው በላይ ቢጫ ሰም እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኖ ረግቶ ይገኝ ነበር። አቤት ሽታው! ሲፈላ ግቢው ሁሉ ጠጅ ጠጅ ስለሚል መንገደኛ በሩን እየገፋ፣ «እዚህ መጠጥ አለ እንዴ?» ይለን ነበር። የፓፓያ ቅጠል ዘንግ ውስጡ ባዶ ነውና እሱን ቆርጣ፣ ታቹን በጭቃ ደፍና፣ ክሩን መሃሉ ላይ ወጥራ ሰሙን ታፈስበታለች፤ ሲረጋ ዘንጉን ትልጠውና ቀጥ ያለ፣ ማር ማር የሚል ሻማ ይወጣል።

አባቴ ይህንን ነገር ገና ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። በሌላው ነገር ለስላሳ ሰው ነበር፤ እሳት ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ክረምት መስመር ሊጠግን አንድ መንደር ሲደርስ፣ ሰዎች ሻማ ፕላስቲክ ሳጥን ላይ አቁመው ተኝተው ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ደጅ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠው አይቷቸዋል፤ ነፍስ ባይጠፋም ያ ነገር ከዓይኑ አልጠፋም። ስለዚህ እናቴን እንዲህ አላት፦ «አስካለ፣ መሥራትሽን አልከለክልም። ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እሳት ቢነሳ ይህ ድስት ከግቢው ይወጣል።» እናቴም፣ «እኔ በጧፍ ጭስ ነው ያደግኩት፤ እሳት እኔን ያውቀኛል» ብላ ሳቀችበት። ጎረቤቱ ወሬውን ሲሰማ ጊዜ ደግሞ ነገር አገኘ። «ደምሴ ያጠፋል፣ አስካለ ታበራለች፤ ባልና ሚስት ተማክረው ነው!» እያሉ አባቴን መንገድ ላይ ያስቆሙት ነበር፤ እሱም መሰላሉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ «ያጠፋው ዛፉ ነው፣ ዛፉን ጠይቁት» ይላቸው ነበር።

መስቀል ካለፈና ሰማዩ ከጠራ በኋላ መብራቱም ረጋ፣ የሻማ ፈላጊም ጠፋ። እናቴ ድስቷን አጥባ ከማጀቱ ጥግ ደፋችውና እንደገና ስለ ዝውውር ማውራት ጀመረች። እኔም ልጅ አይደለሁ፣ መብራት እንዲጠፋ መጸለይ አማረኝ፤ አባቴ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ትዝ እያለኝ ነው የተውኩት። እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቅ ያሉት። እትዬ ዘይነባ ድምፃቸው ከራሳቸው ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ ቡና ነጋዴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸውን ሰሚራን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። በክረምቱ ከእናቴ ጥቂት ሻማዎች ወስደው ነበር።

«አስካለ፣ ያ ሻማሽ አለቀብኝ» አሉ ሳይቀመጡ።

«እትዬ ዘይነባ፣ መብራት እኮ አለ!»

«ኖረስ? እኔ መቼ ለመብራት አልኩሽ! ለሽታው ነው የማበራው። ወላሂ እሱ ሲበራ ቤቴ የአባቴ የማር ጎጆ ይመስለኛል።»

እናቴ ሳቋን አፍና እኔን አየችኝ። መብራት እያለ ሻማ የሚለኩስ ሰው አይታ አታውቅም። ግን የተደፋውን ድስት ቀና አደረገችው፤ እትዬ ዘይነባም ሻማቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ይቀመጣሉ፣ ሲቀመጡ ያወራሉ፣ ሲያወሩ ግማሹን በኦሮምኛ ነው፣ እናቴም እየሳተችም ቢሆን መመለስ ጀመረች። «እሺ» በማለት ፋንታ «ቶሌ» ስትል የሰማኋት ቀን ለእኔ ዓመት በዓል ነበር።

ኅዳርና ታኅሣሥ ቡና የሚለቀምበት ወር ስለሆነ ከተማው እንዳለ ቡና ቡና ይሸታል፣ ጋሪው ሁሉ ጆንያ ይጭናል፣ ሰው ለወሬ ጊዜ የለውም። በዚያ መሃል ሰሚራ ታጨች። ሠርጉ የቡና አበባ ከወጣ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠና፣ እትዬ ዘይነባ አንድ ቀን እናቴን ክንዷን ይዘው እንዲህ አሏት፦ «እኔ ለልጄ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሂና በምትቀባበት ምሽት ቤቴ የቡና አበባ እንዲሸት። አበባው ከወጣ በሦስት ቀን ይረግፋል፣ ሠርጋችን ደግሞ ከእሱ በኋላ ነው። ሽታውን ሰምሽ ውስጥ አስቀምጪልኝ።»

ከዚያ በፊት ሰው እናቴን ሻማ የጠየቃት ጨለማ ስለሆነበት ወይም የሰሙን ሽታ ስለወደደው ነበር። ይህ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሷን ብቻ ታውቂበታለሽ ብሎ የመጣ ሰው ነው። ያን ቀን ማታ አባቴ ገብቶ ቦቲውን አወለቀ፣ ራቱን በላ፣ ስለ ዝውውር ግን አንድም ቃል አልተነሳም። እኔ ከብርድ ልብሴ ሥር ሆኜ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጣቴን ነከስኩ።

የካቲት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፤ ከሳምንት በኋላም ከጂማ ወጣ ብሎ ሰቃ ያለው የእትዬ ዘይነባ ወንድም የቡና ማሳ ነጭ ሆነ የሚል ወሬ መጣ። በጠዋቱ በሚኒባስ ሄድን፤ እናቴ፣ እትዬ ዘይነባ፣ ሰሚራና እኔ። የቡና አበባን ያላሸተተ ሰው ምን ብዬ እንደምነግረው አላውቅም፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን አይሰለችም፤ ገና ማሳው ሳይታይ ከመኪናው ስንወርድ ነው የተቀበለን። እናቴ ወደ ቅርንጫፉ እጇን ስትዘረጋ እትዬ ዘይነባ መዳፏን መታ አደረጓት። «አንቺ! እሱን ከነቀልሽው እኮ የከርሞውን ቡና ነቀልሽው! ወንድሜ ሊገድለን ነው።» የሚለቀመው የረገፈው ብቻ ነው፤ ነጠላችንን ከዛፉ ሥር ዘርግተን ግንዱን በቀስታ ነቅነቅ ስናደርገው፣ ሥራውን የጨረሰው አበባ ይወርድልናል፣ ፍሬው ግን ዛፉ ላይ ይቀራል። ያን ቀን እናቴ ፀጉሯ ላይ አበባ እንደነጠፈበት እየሳቀች ከዛፍ ዛፍ ስትሮጥ አየሁና፣ ይህቺ ሴት ናት ወይ ጂማን የማትወደው ብዬ ገረመኝ።

ቤት እንደገባን ሻማው ተሠራ። እናቴ በወፍራሙ አንድ አፍስሳ፣ ሰሙ ሳይደርቅ አበባውን ዙሪያውን ለጠፈችበት፤ አበባ ለብሶ የቆመ ሙሽራ መሰለ። አሁን የቀረው ማቆሚያው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚተከለው በአሸዋ ላይ ስለሆነ እናቴ አሸዋ ልታመጣ ስትነሳ፣ እትዬ ዘይነባ፣ «የምን አሸዋ! ለሙሽራ አሸዋ ይቀርባል? ቡናው ከተፈለፈለ በኋላ የተረፈ ገለባ እኔ ጋ ጆንያ ሙሉ አለ፣ እሱም ይሸታል» ብለው አንድ ሰሃን ገለባ ይዘው መጡ። ጂማ ውስጥ ማንም ሰው የቡና ገለባ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ግማሹ ሰፈር ምድጃው ውስጥ የሚያነደው እሱን ነው። ሰሃን ላይ ሆኖ ሲያምር ግን ያ ነገር ለማናቸውም ትዝ አላላቸውም። ሻማውን ገለባው ላይ ተክለው፣ እናቴ በእጇ የሠራችው ዳንቴል በለበሰው ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው ለኮሱት። ሸተተ! እውነትም የቡና አበባ ሸተተ! ሦስቱም ተቃቀፉ። ወዲያው ሰሚራ፣ «ቀሚሴ ከሰፊው መጥቷል፣ ኑ ለአንድ አፍታ እዩልኝ» አለችና ተያይዘው በአጥሩ በኩል ወጡ።

እኔ አቮካዶው ሥር ገመድ እዘልል ነበር። መጀመሪያ አበባው ሸተተኝ፣ ቀጥሎ ማሩ፣ ከዚያ ደግሞ የተቃጠለ ጨርቅ። በበሩ ሳይ፣ በሙቀቱ የደረቀው አበባ እያንዳንዱ እንደ ክር ሆኖ እየነደደ ገለባው ላይ ረግፏል፣ ገለባው ተያይዞ ዳንቴሉን ይዞታል፣ ሰሙ ቀልጦ ሰሃኑ ሙሉ እሳት ሆኗል፣ የመጋረጃውም ጫፍ ተጨማዷል። «እማዬ!» ብዬ የጮህኩት ጩኸት ሰቃ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እናቴ ሮጣ መጥታ ባልዲ ውሃ አንስታ ልትደፋ ስትል፣ በግቢው በር ይገባ የነበረው አባቴ መሰላሉን ጥሎ፣ «ውሃ እንዳትደፊ! የፈላ ሰም ነው፣ ይረጭብሻል!» ብሎ በሩጫ ገባ፤ መጋረጃውን ቦጭቆ አወረደ፣ የልብስ ማጠቢያውን የብረት ሳፋ ገልብጦ እሳቱ ላይ ደፋው። ሁላችንም ቆመን ሳፋውን እያየን ቀረን። ቀስ እያለ የጭሱ ጠርዝ ሳሳና ጠፋ።

ሰው አልተጎዳም፤ ዳንቴሉ አመድ ሆኗል፣ ጠረጴዛው መሃሉ ጠቁሯል። አባቴ ድስቱን ከማጀት አንስቶ ከግቢው በር ውጪ አስቀመጠና ተመልሶ በሩን ዘጋ። እናቴ አመዱን ጠርጋ ስትጨርስ፣ «እንግዲህ ሰኔም ሩቅ አይደለም» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። እኔ ከአቮካዶው ሥር ሄጄ እስኪበቃኝ አለቀስኩ፤ በቃ፣ ልንሄድ ነው፣ ጆሮዬም ሊወድቅ ነው።

በማግስቱ እሑድ፣ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ሻዩን ሲጠጣ፣ እትዬ ዘይነባ ድስቱን በጎናቸው ታቅፈው ገቡ። ሌሊቱን እሳቸው ጋ ነው ያደረው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ገለባውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አባቴ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። «እትዬ ዘይነባ፣ ይቀመጡ እባክዎ። ገለባ እኮ ማገዶ ነው! ሻማን ማገዶ አልጋ ላይ አስተኝታችሁ ቀሚስ ልታዩ ሄዳችሁ!»

«ሄድን፤ ምን ይደረግ፣ ሄድን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሽቦ ተበጥሶ እሳት ያስነሳ ቀን፣ ጋሽ ደምሴ፣ ምሰሶ ላይ ወጥተው ይጠግኑታል ወይስ ከእንግዲህ ጂማ መብራት ይቅርባት ብለው ይመለሳሉ?»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠና ከግቢ ወጣ። እትዬ ዘይነባ ወደ እናቴ ዞረው፣ «አበዛሁት እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ። ያቺ ሴት በሹክሹክታ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ሲመለስ በጆንያ የሚንቋቋ ነገር ተሸክሞ ነበር። ምሰሶ ላይ ሽቦ የሚያርፍባቸው ነጫጭ ሲኒዎች፣ ጠርዛቸው ስለተሸረፈ ተቀይረው የተጣሉ። አንዱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ሲያቆመው መሃሉ ጎድጓዳ ሆኖ ሰም የሚይዝ፣ ከባድ፣ ቢገፉት የማይወድቅ ማቆሚያ ሆነ። «ይሄ ያን ሁሉ ኮረንቲ የሚችል ነገር ነው፤ የሻማ እሳት አያስጨንቀውም» አለና እናቴን አያት። «አበባውን ሰሙ ላይ መለጠፍ ቀርቷል። ሽታውን ሰጥቶ መውጣት አለበት። ታውቂበታለሽ?» እናቴ ድስቱን ከእትዬ ዘይነባ እጅ ተቀበለች።

ታውቅበት ነበር። ከፍ ያለው ማሳ ላይ ያለው አበባ ዘግይቶ ስለፈነዳ፣ ከሰቃ የረገፈ አበባ በየጠዋቱ ይላክልን ጀመር፤ እናቴም ሰሙን ሳታፈላ ለብ አድርጋ ታቀልጠውና አበባውን ነክራ ታቆየዋለች፣ ከዚያ በጨርቅ አጥልላ አውጥታ በሌላ አበባ ትተካዋለች፣ ሰሙ ራሱ አበባ አበባ እስኪል፤ በመጨረሻም ክር ወጥራ ሲኒዎቹ ውስጥ ታፈሰዋለች። አባቴ ደግሞ ፈታኝ ሆነ። በሻማ ጉዳይ እንደዚያ ጥብቅ የሆነ ፈታኝ አይቼ አላውቅም! ከሥራ ሲመጣ አንድ ሲኒ ይለኩስና ከመጋረጃው ርቆ፣ ነፋስ ከማይገባበት ጥግ አስቀምጦ፣ መቀስ ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ክሩ ከገብስ ፍሬ በላይ ሲረዝም እሳቱ ይጨሳል ብሎ አጥፍቶ ይቆርጣል። መጀመሪያ ሲለኮስ ከላይ ያለው ሰም እስከ ጠርዙ ድረስ ሳይቀልጥ ካጠፉት በሚቀጥለው ቀን መሃሉን ብቻ እየሸረሸረ ጉድጓድ እንደሚሠራ የደረሰበት እሱ ነው፤ ያን ቀን የሎተሪ ዕጣ የወጣለት ይመስል ነበር። ለማጥፋት መንፋት ክልክል ነው፤ በሽቦ ጫፍ ክሩን የቀለጠው ሰም ውስጥ ደፈቅ አድርጎ መልሶ ቀና ያደርገዋል፣ ጭስ የሚባል የለም። ሰሙ ሳይረጋ ሲኒውን ላንሳ ያልኩ ቀን በዓይኑ ብቻ መለሰኝ። ግርጌው ላይ ጣት የሚያህል ሰም ሲቀር ደግሞ፣ «በቃው፣ ይረፍ» ይል ነበር፤ ትርፉ ተመልሶ ድስት ይገባል።

እናቴ መጀመሪያ ከጓዳ ሆና፣ «ኧረ ሰውዬ፣ አንተን ነው ያገባሁት ሻማውን?» እያለች ትስቅበት ነበር። ትንሽ ቆይታ በርጩማ ይዛ መጥታ አጠገቡ መቀመጥ ጀመረች። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዲት ትንሽ እሳት ሲያዩ፣ ስለ ዝውውር ሳይሆን ስለ ክር ሲከራከሩ፣ እኔ የቤት ሥራዬን እንደምሠራ መስዬ እነሱን አይ ነበር።

የሂናው ምሽት ደረሰ። የእትዬ ዘይነባ ሳሎን በዘመድ ሞልቷል፣ ሰሚራ መሃል ተቀምጣ እጇን ዘርግታለች፣ ነጫጮቹ ሲኒዎች በየጥጉ ከሰው ቀሚስና ከልጆች እጅ ራቅ ብለው ተደርድረዋል። አባቴ ለምን እንደመጣ ሰው ሁሉ ገብቶታል፤ በሩ አጠገብ አሸዋ የሞላ ባልዲ ይዞ ቆሟል። ነገር ግን ምን ዋጋ አለው፣ ያን ዕለት መብራቱ ቦግ ብሎ በርቶ ሻማዎቹ መኖራቸው አይታይም ነበር። እናቴ ጥግ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ይሄኔ እትዬ ዘይነባ ተነሡ።

«ጋሽ ደምሴ፣ መብራቱን ያጥፉልኝ!»

«እኔ?» አለ አባቴ። «ዕድሜ ልኬን አብራ እንጂ አጥፋ ያለኝ ሰው የለም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ከኋላ፣ «ያጠፋል ስንል አልነበረም እንዴ!» ብላ ጮኸች። አባቴ ባልዲውን አስቀመጠ፣ ቆጣሪው ወዳለበት ሄደ፣ ወደ እናቴ አንድ ጊዜ አየና ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች አወረደው። ከዚያ ቤቱ በዚያ ለስላሳ ብርሃን ተሞላ፣ የሂናው ቀለም፣ የሰሚራ ፊት፣ የሴቶቹ ዓይን ሁሉ ታየ፤ አበባው ከረገፈ በኋላም የቡና አበባ ሸተተ። እልልታው ጣሪያውን አነሳው። ከሰቃ የመጡ አንዲት አሮጊት አየሩን በረጅሙ ስበው፣ «ጋሪዳ! እንዴት ግሩም ነው! ይህን የሠራው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ እትዬ ዘይነባም በዚያ ድምፃቸው፣ «አስካለ ናት! የእኛዋ አስካለ!» አሉ።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጠጋ ብዬ ሳያት እንባዋ ይወርዳል። «ጭሱ ነው» አለችኝ በነጠላዋ እየጠረገች። አባቴ ከኋላችን ሰምቶ ነበር። «የምን ጭስ?» አለ ተቆጥቶ። «ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ!» እናቴ በእንባዋ መሃል እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አላየኋትም።

ከዚያ ወዲያ ሰው ከሰቃም ከአጋሮም እየመጣ ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለአራስ ቤት የሚሆን ሻማ ይጠይቃት ጀመር። አባቴ ክር የሚቆረጥበትን ልክ ሳያሳይ ማንንም አይሸኝም ነበር፤ ሰዉም ሻማውን ከእናቴ፣ ስብከቱን ከአባቴ ተቀብሎ ይሄዳል። ሰኔ ገባ። እኔ ቀኑን ስፈራው ስፈራው፣ አባቴ አንድ ምሽት ቦቲውን አውልቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አስካለ፣ ቃል ቃል ነው። ልጠይቅ?» አላት።

እናቴ ድስቱ ላይ አጎንብሳ ሰም ታጠልል ነበር። «ምኑን?» አለች ቀና ሳትል።

«ዝውውሩን ነዋ።»

«አሁን? ሰም ጥጄ? ተወኝ እባክህ፣ ይልቅ ያንን ጨርቅ አቀብለኝ።»

አባቴ ጨርቁን አቀበላት። እኔ በባዶ እግሬ ወጥቼ የአቮካዶውን ዛፍ አቀፍኩት፤ ዝናብ እየዘነበ ነበር፣ ማንም ግቢ አላለኝም።

ዛሬ እኔ የምሠራው በጂማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች መብራት ሲሄድ ስልካቸውን ያበራሉ፣ ሻማ የሚገዙት ለፎቶና ለፍቅር ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ ዓይኑም ደክሟል፤ እናቴ የቡና አበባ ሲወጣ ትንሽ ትሠራለች፣ እሱም መቀሱን ለማንም አይሰጥም። ያኔ እናቴን ጂማ ላይ ለማስቀረት ጎመኑን ሁሉ ሳሞግስ የነበርኩት ልጅ፣ አሁን እሷን ለጥቂት ሳምንት እንኳ ከጂማ ማስወጣት የማልችል ትልቅ ሴት ሆኛለሁ። ባለፈው ዓመት የወንድሟ ልጅ ሲዳር ደብረ ብርሃን ሄዳ ወር እንድትቆይ ዘመድ ሁሉ ለምኗት እሺ ብላ ነበር፤ ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። «ነይና ውሰጂኝ» አለችኝ።

«ምነው እማዬ፣ ምን ጎደለብሽ? ተቀየሙሽ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልጎደለብኝ፣ ሲንከባከቡኝ ውለው ነው የሚያድሩት» አለችና፣ ሰዎቹ እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግን ልጄ፣ ሰው በሰው አገር ስንት ቀን ይቀመጣል?»